የአገልግሉ እንስሳት

የታሰርኩበት ቤት ቀድሞ የበቅሎ ቤት ነበር። ይህንን መጀመሪያ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም፤ የከረመ ፋንድያና የረጠበ ገለባ ሽታ ግን ወዲያው ደረሰኝ። ቆይቶ በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ የእንጨት ግርግም አየሁ። ቀጥሎ ጣራውን አየሁ፤ የሰንበሌጥ ክዳን ነው፤ በአንድ በኩል ሳስቶ ሰማይ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎቹን ያየሁት። ሁለት ነበሩ።

ቦታው እዚያው ኮልፌ ነው፤ ከምኖርበት ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። የቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤቴ ሆኜ እንደምሰማው እዚያም ይሰማኝ ነበር። ሰው ሩቅ ቦታ ሲታሰር አገሩን ይናፍቃል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሲታሰር ምን እንደሚናፍቅ ለመግለጽ ይቸግራል።

የተያዝኩበትን ምክንያት በቅደም ተከተል ላስረዳ። ጣሊያን ሲገባ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ሥራውን ገና አልጠገብኩትም። ስለዚህ የጎረቤት ልጆችን በተከራየሁት ክፍል እየሰበሰብኩ ቀጠልኩ። የነበረኝ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ አስተማሪዬ የነበረ ሰው የሰጠኝ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ስለ ዓለም እንስሳት የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ። አንድ ጠዋት ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ መጡ። ልጆቹን አስወጡ። አስተርጓሚው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ስለ እንስሳት።»

«የየት አገር እንስሳት?»

«የዓለም።»

«ዓለም አሁን በማን እጅ እንዳለች ለልጆቹ ነግረሃቸዋል?»

«እሱን መጽሐፉ አይልም» አልኩት።

ለድፍረት አልነበረም። የማላውቀውን ስጠየቅ እንዲህ ማለት ልማዴ ነው። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ አንደኛው ወታደር በጥፊ መታኝ፣ ሌላው እጄን አሰረ።

ከሁለቱ እስረኞች አንዱ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ያረጁ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። በቆዳ ጥቅል ውስጥ ለአርበኞች ደብዳቤ ያሳልፋሉ ተብለው ተይዘዋል። ያሳልፉ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁለተኛው አጋሰስ እየነዳ ከጎጃም አዲስ አበባ የሚመላለስ ጎልማሳ ነው። በቅሎዎቹን ሲወርሱበት የተሳደበው ስድብ ነው ያሳሰረው።

«በቅሎዎቼን ወስደው በበቅሎ ቤት እኔን አስገቡኝ» አለኝ ነጂው። «አንተስ?»

«ስለ እንስሳት ሳስተምር ያዙኝ።»

«እንስሳትን ማስተማር? ምነው ቀደም ብለህ በመጣህልኝ! አንዲት ግራጫ በቅሎ ነበረችኝ፤ ሃያ ዓመት መክሬያት አልሰማ ያለች።»

«ተወው እባክህ» አሉ ሽማግሌው። «ና ተቀመጥ ልጄ። በዚህ በኩል ገለባው ደረቅ ነው።»

በቀን የሚሰጠን አንድ አንድ ድንጋይ የመሰለ ዳቦ ነበር። ስንቅ የሚመጣላቸው ሽማግሌው ብቻ ናቸው። የእኔ እናት ቡልጋ ናት፤ መታሰሬንም አልሰማችም። የነጂው ዘመዶች ዓባይ ማዶ ናቸው። የሽማግሌው ባለቤት ግን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በአገልግል ይዘው ይመጣሉ። አገልግሉን በፍየል ቆዳ የለበጡት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው፤ ጠፍሩን የሚያስሩበት ቋጠሮም የራሳቸው ነው። ዘበኛው፣ ለጣሊያን ያደረ የአገራችን ሰው፣ ወረቀት እንዳይኖርበት እንጀራውን በጩቤ እየቀደደ ይፈትሻል፤ ከዚያ ያስገባል። አገልግሉ ሲገባ ቃል ማስተላለፍ ክልክል ነው። ሲወጣም ክልክል ነው።

ሽማግሌው ከመብላታቸው በፊት አንድ ጉርሻ ለእኔ፣ አንድ ለነጂው ይሰጣሉ። ቀጥለው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይሉና ይደግማሉ። ለእሳቸው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ይህንን የቆጠርኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሆዴ እንጂ ዓይኔ አልሠራም ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ አልበሉም» አልኳቸው።

«ጠግቤያለሁ። ዋናው አገልግሉ ባዶ መመለሱ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ባዶነቱን ስታይ ‹በልቷል› ትልና ሄዳ ትበላለች። እስከዚያ እህል በአፏ አይገባም።» ጥቂት አሰቡና «ደግሞም አፍራለሁ» አሉ። «በእኛ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ምን ልክተትላት?»

መልሱን ያገኙት በዚያው ቀን ነው። እንዴት እንዳገኙት ለማስረዳት ስለ ትምህርቱ መናገር አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ አይገፋም ነበር። ነጂው ስለ በቅሎዎቹ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። «በል መምህር፣ ያሳሰረህን ነገር አስተምረን። በከንቱ አትታሰር።»

መጽሐፉ በእጄ ባይኖርም ገጾቹን አስታውሳቸው ነበር። በቀን አንድ እንስሳ፣ በአህጉር በአህጉር ከፋፍዬ እንደማስረዳ ነገርኳቸው። ከአፍሪካ እንጀምራለን፤ ከዚያ እስያ፤ ከዚያ...

«ደወልስ አይደወልም?» አለ ነጂው።

በቀጭኔ ጀመርኩ። አንገቷ ያን ያህል ቢረዝምም ያሏት የአንገት አጥንቶች ሰባት ብቻ ናቸው፤ የእኛም ሰባት ነው፤ ልዩነቱ የእሷ እያንዳንዱ አጥንት ረጅም መሆኑ ነው። ነጂው አንገቱን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ሽማግሌው ግን «ቆዳዋ ወፍራም ነው?» ብለው ጠየቁ። እያንዳንዱን እንስሳ እንዲህ ነበር የሚቀበሉት። ቆዳው ለቁርበት ይሆናል? ለጫማ? ለስልቻ? የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን «መጽሐፉ አይልም» እላለሁ። እያወራን ሳለ ሽማግሌው ከጣራው ሰንበሌጥ መዘዙ። በምራቃቸው አራሱት፣ አጠፉት፣ ጠመዘዙት።

«አባባ፣ ስፌት የሴት ሥራ ነው» አለ ነጂው።

«አርባ ዓመት ቆዳ የሰፋ እጅ በሣር አያፍርም።»

በማግስቱ አገልግሉ ባዶውን አልተመለሰም። አንዲት ጣት የምታህል፣ አንገቷ ጠመም ያለ ቀጭኔ በውስጡ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት ሆነ። እኔ ከሰዓት አስተምራለሁ፤ እሳቸው ይሠራሉ፤ በማግስቱ እኩለ ቀን እንስሳው ይወጣል። ስለ እስስት ያስተማርኩ ቀን አንዱ ዓይኗ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ማየት እንደሚችል ስነግራቸው፣ ነጂው «አውቃታለሁ፤ በራችን ላይ ቆማለች» አለ። ከውጭ «ሰምቼሃለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዘበኛው ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጥ እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ካንጋሮ የወጣበት ቀን ግን ዘበኛው አገልግሉን ይዞ ተመለሰ። ፊቱ ተቆጥቷል። የሰንበሌጡን እንስሳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎታል።

«ይህ ምንድን ነው? ኪስ አለው። ምን ትደብቁበታላችሁ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ አመለከቱ። «መምህሩ ያስረዳዎታል፣ ጌታው።»

«ካንጋሮ ትባላለች» አልኩ። «አገሯ አውስትራሊያ ነው። ሆዷ ላይ ከረጢት አላት። ልጇ ሲወለድ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ዓይኑም አያይም። በራሱ እየዳኸ ወጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ጡት ይዞ ያድጋል።»

ዘበኛው በጥፍሩ ጫፍ ከረጢቱን ከፈተ። ሽማግሌው በውስጡ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ልጅ ሠርተውባታል። ዘበኛው ቀረብ አድርጎ ተመለከታት።

«ሲያድግ ይወጣል?»

«ይወጣል። ሲደነግጥ ግን ተመልሶ ይገባል።»

ዘበኛው እንስሳዋን ወደ አገልግሉ መልሶ ክዳኑን ገጠመ። ሽማግሌው ደግሞ ያን ቀን ሙሉ «ሳይሰፉት ስልቻ!» እያሉ ይደነቁ ነበር።

ዓሣ ነባሪ ዓሣ እንዳልሆነ፣ በሳንባ እንደሚተነፍስና ልጁን ጡት እንደሚያጠባ ነገርኳቸው። ነጂው «እንግዲያው በጾም አይበላማ» ብሎ አዘነ። «አንተ ደግሞ፣ የሚበላ ያገኘህ ይመስል!» አሉት ሽማግሌው። በባሕር ውስጥ ስምንት ክንድና ሦስት ልብ ያላት ፍጡር እንዳለችም ነገርኳቸው። ነጂው ይህንን ሲሰማ ደረቱን በእጁ ዳሰሰ። «ምስኪን» አለ። «በሦስቱም ይከፋታል ማለት ነው።»

ፔንግዊን የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ይህንን በትክክል አስታውሳለሁ።

በዓለም ግርጌ ምድሩ ሁሉ በረዶ የሆነበት አገር አለ አልኳቸው። እዚያ የሚኖር አንድ ወፍ አለ፤ ክንፍ አለው፣ አይበርም። ጎጆ የሚሠራበት ሣርም እንጨትም የለም። ዕንቁላሉ በረዶውን ከነካ ውስጡ ያለው ይሞታል። ስለዚህ ዕንቁላሉን በእግሮቹ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሆዱ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ እንዲሁ ቆሞ ክረምቱን ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አይበላም።

ሽማግሌው ስለ ቆዳው አልጠየቁኝም።

«የሚቆመው ማን ነው?» አሉ። «አባትየው ነው እናትየዋ?»

ገጹን ለማስታወስ ሞከርኩ። «መጽሐፉ አይልም።»

«አባትየው ነው።»

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«እናትየዋማ ምግብ ፍለጋ ሄዳለች። ሁለቱም እዚያው ቢቆሙ የሚፈለፈለው ምን ሊበላ ነው?» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ሄዳለች እንጂ ትመለሳለች።»

በማግስቱ ጠዋት ወፉን ጨርሰው ዕንቁላሉን እየሠሩ ሳለ በሩ ተከፈተ። አስተርጓሚው ወረቀት ይዟል። የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ጠራ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ከጉልበታቸው ላይ ገለባውን አራገፉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ነጂው ትከሻ ላይ ጣሉት። «ብርድ ነው፣ ያዝልኝ» አሉት። ወፉንና ያችን የሣር ቋጠሮ በእጄ ውስጥ አኖሩ።

«ዕንቁላሉ ገና አልታሰረም» አሉኝ። «እግሩ ላይ ነው የሚታሰረው።»

«እርስዎ ሲመለሱ ያስሩታል» አልኩ።

«እሺ ልጄ» አሉ።

እሳቸውን የጫነው ካሚዮን ከግቢው በላይ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ሲወጣ ሰማነው። ከዚያ በኋላ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ተኩስ ሰማን። 

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው አገልግሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። በዚያ ቀን እንጀራውን በጩቤ አልነካውም።

«ብሉ» አለ ዓይናችንን ሳያይ። «ባዶውን ስጡኝ። ለዘመድ አይነገርም ተብሏል።»

«ባለቤታቸው በር ላይ ናቸው?» አልኩት።

«የት ሊሄዱ ነው? ቆመዋል።»

በሩን ዘጋው። አገልግሉ በመካከላችን ተቀመጠ። የሽሮው ሽታ ከነቆዳው ሽታ ይመጣል። ከትናንት እኩለ ቀን ወዲህ እህል አልቀመስንም፤ የዚያን ቀን ዳቦ ገና አልተሰጠም ነበር። ምራቄን መዋጤን አልደብቅም።

ነጂው ቀድሞ ተናገረ። «ስማ መምህር። ብንበላው ነገም ይመጣል። ከነገ ወዲያም ይመጣል። አንተ ያለዚህ አገልግል ወር አትቆይም፤ እኔም አልቆይ። ሴትዮዋም ባላቸው በሕይወት ያሉ ይመስላቸዋል። ማን ተጎዳ?»

እውነት ለመናገር ይህንኑ እኔም አስቤው ነበር። ከእሱ አልፌም አስቤያለሁ፤ ሰንበሌጥ አጣጥፌ መጥፎም ቢሆን አንድ እንስሳ ልሠራ እችላለሁ ብዬ ነበር። ወፉ በእጄ ነበር፤ እሱን ብቻ ብሰድድ ለአንድ ቀን ይበቃል። በአንደኛ ደረጃ እንዲህ፣ በሁለተኛ ደረጃ እንዲህ እያልኩ ምክንያት ስደረድር ነጂው ራሱ አቋረጠኝ።

«ሳይለቀስላቸው ይቅሩ?» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለአገልግሉ የሚናገር ይመስል ነበር። «ፍትሐት ሳይደረግላቸው? አርባቸው ሳይወጣ? እኛ እዚህ የእሳቸውን እንጀራ እየበላን፣ እሳቸው እንደ ውሻ...»

አልጨረሰውም።

«ባለቤታቸውም ቆመው ነው የሚጠብቁት» አልኩ። «አገልግሉ ባዶ እስኪሆን አይበሉም። እስከ መቼ እናቆማቸዋለን?»

ክዳኑን ከፈትኩ። ወፉን በእንጀራው ላይ አቆምኩት። የሣር ቋጠሮዋን እግሩ ላይ ላስራት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ አጠገቡ አኖርኳት። ነጂው ጠፍሩን አሰረ። ሽማግሌው ያን የራሳቸውን ቋጠሮ ሲያስሩ ብዙ ጊዜ አይቶ ስለነበር ሞከረው፤ ፈታው፤ እንደገና አሰረው። ሲሳካለት በሩን አንኳኳ።

ዘበኛው አገልግሉን አንሥቶ በእጁ መዘነው።

«አልበላችሁም።»

«አልበላንም» አለ ነጂው።

«ምን እንደሚደረግባችሁ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን፣ ጌታው። ውሰድላቸው።»

ቆመ። ሊመታን ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አገልግሉን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። በአንድ እጁ እንጂ በሁለት እጁ ይዞት አይቼው አላውቅም ነበር።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ባለቤታቸው ቀጭን፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። ባዶ አገልግል ለመቀበል በለመደው ክንዳቸው ተቀበሉት፤ ክንዳቸው በክብደቱ ወረደ። አልከፈቱትም። ዘበኛውንም አንዲት ቃል አልጠየቁትም። መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጥለቱን ዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ከዚያ አገልግሉን አንሥተው ሄዱ።

ለሁለት ቀን ዳቦ ተከለከልን። ሌላም ነበር፤ እሱን እተወዋለሁ። ነጂውን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ጋቢውን ሊተውልኝ ፈልጎ እኔ እምቢ አልኩ። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ ክረምቱ ሲወጣ ተለቀቅሁ። መጽሐፌ አልተመለሰልኝም።

ወደ ቤታቸው ለመሄድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከቆዳ ተራው በስተጀርባ ነው፤ ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ያ የታሰረው የሰፈራችን መምህር ነህ?» አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ እንስሳቱ ቆመዋል፤ ከቀጭኔዋ ጀምሮ በመጡበት ቅደም ተከተል።

«ይህችን ቀጭኔ ናት ብያለሁ» አሉ። «ሌሎቹን ግን አላውቃቸውም። ሰው ባሳይም የሚያውቅ አላገኘሁም። እሱ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው እያልኩ ስገረም ነበር። ንገረኝ ልጄ።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በካንጋሮዋ ሳቁ። «‹ሳይሰፉት ስልቻ› ብሎ ይሆናል» አሉ። ብለዋል አልኳቸው። መጨረሻው ጋ ስንደርስ ፔንግዊኑን በእጃቸው ሰጡኝ። ስለ በረዶው፣ ስለ ዕንቁላሉ፣ ሳይበላ ስለሚቆመው ነገርኳቸው።  ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። በውስጡ የሣር ቋጠሮዋ ነበረች።

«ይህች እንጀራው ላይ ወድቃ ነበር። ከየትኛው እንደወለቀች ሳላውቅ ያዝኳት።»

«ዕንቁላሉ ናት» አልኩ። «እግሩ ላይ ነው የምትታሰረው።»

ከነጠላቸው ክር መዘዙ። እኔ ወፉን ይዤላቸው እሳቸው አሰሩት።

ዛሬ ጣሊያን ወጥቷል፤ ትምህርት ቤቱም ተከፍቷል። አዲስ የእንስሳት መጽሐፍ አላገኘሁም፤ ከትዝታዬ አስተምራለሁ፤ ደግሞም በአህጉር በአህጉር ከፋፍዬ። በየዓመቱ ፔንግዊን ጋ ስንደርስ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና ዕንቁላሉን ይዞ የሚቆመው አባትየው ነው ወይስ እናትየዋ ብሎ ይጠይቀኛል።

«መጽሐፉ አይልም» እላለሁ። «አንድ የቆዳ ነጋዴ ግን አባትየው ነው ብለውኛል። እናትየዋ ምግብ ፍለጋ ሄዳለች።»

ተማሪዎቹ ይህንን በደብተራቸው ይጽፋሉ። አልከለክላቸውም።